ብርሃን፣ ጥላና የፍቅር ዜማ፦ የሆላንድ ሠዓሊዎች ከጆሐንስበርግ ሲታዩ

መግቢያ

በጆሐንስበርግ ከተማ መካከል ጁበርት ፓርክ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ አለ። በመናፈሻው ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የቆመው የድንጋይ ሕንፃ የከተማይቱ የሥዕል ሙዚየም ነው። ስብስቡ ለሕዝብ ዐይን የቀረበው በ1910 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው አርክቴክት ኤድዊን ሉትየንስ የነደፈው ሕንፃ በሩን የከፈተው በ1915 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን ያመነጩት የወርቅ ማዕድን ከበርቴ ባለቤት የነበሩት ሌዲ ፍሎሬንስ ፊሊፕስ፣ ሥዕሎቹን የመረጠላቸው ደግሞ የደብሊንን ዘመናዊ የሥዕል ሙዚየም የመሠረተው ሂዩ ሌን ነበር። ዛሬ በስብስቡ ውስጥ ከሚገኙት ክፍሎች አንዱ የ17ኛው ምእተ ዓመት የሆላንድ ሥዕል ነው።

ሐዲዱን ተሻግሮ በእግር በሚደረስበት ርቀት ደግሞ ወገኖቻችን «ጄፒ» የሚሉት ሰፈር ይገኛል። ጎዳናው ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም ቢጠራም የአሮጌው ስም አጠራር በሐበሻው አፍ ላይ ቀርቷል። ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩት ፎቆች ከ1990ዎቹ ወዲህ በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞልተዋል፤ ከየበሩም የአገር ቤት ዘፈን ይሰማል። በአንዱ ወገን ድምፅ የሌለው የሥዕል አዳራሽ፣ በሌላው ወገን ማንም ቆሞ የማያየው፣ ሁሉ ግን የሚሰማው ዜማ አለ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጉርብትና ነው።

«ለኢትዮጵያ ጥናት የቆመ መጽሔት ስለ ሆላንድ ሥዕል ለማተት ምን አነሣሣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሳችን ግን እንደሚከተለው ነው። የሆላንድ ሠዓሊዎች በ17ኛው ምእተ ዓመት አንድን ጉዳይ ደጋግመው ሥለዋል፤ ወንድና ሴት በሙዚቃ መሣሪያ አጠገብ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ብርሃንና ጥላ የእጅ ስልት ብቻ አይደሉም። ኅብረተሰቡ ሊያውቀው ፈልጎ ሊናገረው ያልፈለገውን ነገር የሚያኖርባቸው ስፍራዎች ናቸው። በእኛም ባህል ይህን የመሰለ ስፍራ አለ፤ ነገር ግን በሥዕል ውስጥ ሳይሆን በቃል ውስጥ ነው። ሁለቱን ማነጻጸር የእኛን የማየት ልማድ ለመመርመር ይረዳናል፤ ልማዳችን ደግሞ፣ በኋላ እንደምናሳየው፣ ያለ ነቀፋ የሚታለፍ አይደለም።

፩. የሻማው ክፍል

ከዩትሬክት ከተማ ተነሥተው ሮማ የዘለቁ ወጣት ሠዓሊዎች የካራቫጆን ጨለማና ብርሃን ተምረው ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል ኼሪት ፋን ሆንትሆርስት በጣሊያኖች ዘንድ «የሌሊቱ ኼራርዶ» እስከ መባል የደረሰ ነው። በ1625 የሣለውና ዛሬ በዩትሬክት ሙዚየም የሚገኘው የአቃጣሪዋ ሥዕል ለጉዳያችን ጥሩ መነሻ ይሆናል። አንዲት ወጣት ሴት ሉት፣ ማለትም ከክራራችን ጋር ባይዛመድም በጣት የሚመታ የአውታር መሣሪያ፣ ይዛ ትስቃለች። አንዲት አሮጊት አለች። አንድ ወንድ ደግሞ የገንዘብ ከረጢት ይዞ ቀርቧል።

የብርሃኑን አከፋፈል ልብ ብለን እንመልከት። የሻማው ብርሃን በሴቲቱ ፊትና ደረት ላይ በሙላት ይፈስሳል፤ የሚታየው ሸቀጥ እርሷ ናት። ወንዱ ግን በእኛና በብርሃኑ መካከል ስለ ተቀመጠ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይታያል። ገዢው ማንነቱ አይታወቅም፤ የምትገዛዋ ግን የተደበቀ ነገር የላትም። ሠዓሊው አንድም ቃል ሳይጽፍ የግብይቱን ፍትሕ አልባነት በብርሃን ክፍፍል ነግሮናል። ይህን የምንለው ሆንትሆርስት ለሴቲቱ ጥብቅና ለመቆም አስቦ ነበር ለማለት አይደለም። ሥዕሉ ለደስታ የተሠራ፣ ሴቲቱም ሳቂታ ናት። ነገር ግን ብርሃን አንድ ጊዜ በዚህ መልክ ከተመደበ በኋላ፣ ከሠዓሊው ሐሳብ አልፎ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1629፣ የሃርለሟ ሠዓሊ ዩዲት ሌይስተር የሌሊት ዘፋኝን ሣለች፤ ሥዕሉ በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ይገኛል። ሉት የያዘ ወጣት ወደ ላይ አንጋጦ ይዘፍናል፤ ብርሃኑ ከታች፣ ከማናየው መብራት ይመጣበታል። የሚዘፍንላት ሴት በሥዕሉ ውስጥ የለችም። በሆንትሆርስት ሥዕል ተመልካቹ ከገዢው ጀርባ ተቀምጦ ሴቲቱን ሲያይ፣ በሌይስተር ሥዕል ግን ተመልካቹ ራሱ ሴቲቱ ካለችበት ወገን ሆኖ ወንዱን ያያል፤ በብርሃን ተጋልጦ መልስ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ይህች ሠዓሊ ከሞተች በኋላ ሥራዎቿ ለፍራንስ ሃልስ ሲቆጠሩ ኖረው፣ እስከ 1893 ድረስ ስሟ ራሱ በጥላ ውስጥ መቆየቱን ማስታወስ ይገባል።

፪. የመስኮቱ ክፍል

ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ ሻማው ጠፍቶ መስኮቱ ተከፈተ። ቴር ቦርኽ፣ ሜትሱ፣ ስቴንና ፋን ሚሪስ ሙዚቃውን ከመጠጥ ቤት አውጥተው ወደ ጨዋ ቤት አስገቡት። በዚያ ዘመን የሆላንድ ከተሞች በኪስ የሚያዙ የዘፈን መጻሕፍት ለወጣቶች በብዛት ይታተሙ ነበር፤ የሙዚቃ ትምህርትም ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ለመቀመጥ የሚያስችል የተፈቀደ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ቀን የወጣው ፍቅር ምስጢሩን የሚያኖርበት ሌላ ስፍራ መፈለግ ነበረበት።

የዴልፍቱ ዮሐንስ ቨርሜር ይህን ስፍራ ከሁሉ በላይ ያገኘ ይመስለናል። «የሙዚቃ ትምህርት» በሚባለውና በ1660ዎቹ መጀመሪያ እንደ ተሣለ በሚገመተው፣ ዛሬ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ስብስብ በሆነው ሥዕሉ ውስጥ፣ ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታን ቨርጂናል ትጫወታለች፤ ይህ በመዝገብ የሚመታ፣ የፒያኖ ታላቅ ዘመድ የሚሆን መሣሪያ ነው። በመሣሪያው ክዳን ላይ ሙዚቃ የደስታ ባልንጀራ፣ የኀዘንም መድኃኒት መሆኑን የሚገልጽ የላቲን ጽሑፍ አለ። ወንዱ ከጎኗ ቆሟል። ወለሉ ላይ ማንም ያልያዘው ትልቅ የአውታር መሣሪያ ተጋድሟል፤ ሁለተኛው ተጫዋች ያልጀመረው ዜማ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ያዕቆብ ካትስ ባሳተመው የምስልና የምክር መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዱ ሉት ሲመታ በአጠገቡ ያለው ሌላው ሳይነካ እንደሚያስተጋባ የሚያሳይ የፍቅር ምሳሌ መኖሩን የሆላንድ ተመልካች ያውቅ ነበር።

ብርሃኑ በግራ በኩል ካሉት መስኮቶች ገብቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየደከመ ይሄዳል። በነጩ ግድግዳ ላይ የቱ ጋ ብርሃን አልቆ የቱ ጋ ጥላ እንደ ጀመረ መስመር ሊሰመርለት አይችልም። ሆንትሆርስት ብርሃንና ጨለማን እንደ ሁለት ጠላቶች ፊት ለፊት ሲያቆማቸው፣ ቨርሜር ግን እንደ አንድ ቤተሰብ አባሎች ያኖራቸዋል።

የሥዕሉ ምስጢር ከመሣሪያው በላይ በተሰቀለው መስተዋት ውስጥ ነው። ሴቲቱን ከጀርባዋ ስናይ ጭንቅላቷ ቀጥ ብሎ ወደ ሥራዋ ያዘነበለ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ፊቷ ግን ወደ ሰውየው ዘወር ብሏል። አካሏ የሥርዓት ነው፤ ነጸብራቋ የፍላጎት ነው። ሁለቱም በአንድ ብርሃን ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሐሰት ሌላው እውነት ነው ለማለት አይቻልም። በዚያው መስተዋት ላይኛው ክፍል ደግሞ የሠዓሊው የሸራ ማቆሚያ ጥቂት ይታያል። ቨርሜር «እኔም እዚህ ነበርሁ፤ ይህን ያየ ሰው አለ» ያለን ይመስላል። በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ በከፊል የሚታየው ሌላ ሥዕል እስረኛ አባቷን ጡቷን አጥብታ ያዳነች የሮማዊት ልጅ ታሪክ ነው፤ በሙዚቃው ክፍል ጥግ አንድ የታሰረ ሰው አለ ማለት ነው።

በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም የሚገኙት ሁለቱ የቨርሜር ሥዕሎች ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስረዳሉ። በአንደኛው ቨርጂናል የምትጫወተው ሴት ቆማለች፤ ክፍሉ የቀን ብርሃን ሞልቶበታል፤ ከኋላዋ የተሰቀለው የፍቅር አምላክ ሥዕል ነው። በሁለተኛው ሴቲቱ ተቀምጣለች፤ የመስኮቱ መጋረጃ ወርዷል፤ ከኋላዋ የተሰቀለው በ1622 ፋን ባቡረን የሣለው የአቃጣሪ ሥዕል ነው። ሁለቱም ሴቶች ግን በአንድ ዐይነት እርጋታ እኛኑ ይመለከታሉ። አንዷ ንጽሕት፣ አንዷ ርኩስ መሆናቸውን ለመፍረድ የፈለገ ተመልካች ከክፍሉ ብርሃንና ከግድግዳው ሥዕል በቀር ምስክር አያገኝም፤ ከሴቶቹ ፊት ላይ ግን አንዳች ነገር ሊያነብ አይችልም።

፫. ሰምና ወርቅ ወይስ ሰም ብቻ?

ስለ እነዚህ ሥዕሎች የሚከራከሩ ሊቃውንት በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ኤዲ ደ ዮንግ የተባለው ሆላንዳዊ ሊቅ የዕለት ተዕለቱ ኑሮ ሥዕል እውነት የሚመስል እንጂ እውነት ያልሆነ፣ በየዕቃው ውስጥ ምክርና ተግሣጽ የተሰወረበት መሆኑን አስተማረ፤ በ1976 በራይክስሙዚየም የቀረበው ታላቅ ትርኢት ይህን አመለካከት በሰፊው አሰራጨ። ስቬትላና አልፐርስ በበኩሏ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የሆላንድ ሥዕል የሚታየውን ዓለም የመመዝገብና የማወቅ ጥበብ ነው፤ ከገጹ ኋላ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ከጣሊያን ሥዕል የተወረሰ ልማድ ነው ስትል ተቃወመች።

በቅኔ ባህል ያደገ ሰው በመጀመሪያ የሚያደላው ወደ ደ ዮንግ ነው። ሉት ማለት ፍቅር፣ የተጋደመው መሣሪያ ማለት የሚጠበቀው ጓደኛ፣ የወረደው መጋረጃ ማለት የተሰወረ ኃጢአት፤ ይህ ሁሉ ሰምና ወርቅ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? እኛም ከብዙ ዓመታት በፊት እነዚህን ሥዕሎች ስናይ እንዲህ ነበር የምናያቸው። እያንዳንዱን ዕቃ ፈትተን፣ ወርቁን አውጥተን፣ ሰሙን ጥለን እንሄድ ነበር።

ይህ ግን ለሥዕሉም ለቅኔውም ታማኝ አልነበረም። የቅኔ መምህር ተማሪውን የሚገሥጸው ወርቁ ስለ ጠፋው ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ሰም ሆኖ ሳይቆም ሲቀርም ነው። ሰሙ በራሱ የተሟላ ታሪክ፣ በራሱ የሚያምር ነገር መሆን አለበት። የተጣለ ሰም ያለው ቅኔ እንቆቅልሽ ይሆናል እንጂ ቅኔ አይባልም። በቨርሜር ክፍል ውስጥም ነጩ ማሰሮ በመጀመሪያ ማሰሮ ነው፤ በጎኑ ላይ የተኛው ብርሃን አንድ ጧት በእውነት የታየ ብርሃን ነው። ያንን ያላየ ተመልካች የተሰወረውን ቢያውቅ ምን ያተርፋል? ስለዚህ ክርክሩን በመሐል እንፈርዳለን፤ ደ ዮንግ ወርቁ መኖሩን በማሳየቱ ትክክል ነው፤ አልፐርስም ሰሙን በማስከበሯ ትክክል ነች፤ ሁለቱም የሚገናኙት በብርሃኑ ላይ ነው። ብርሃኑ ዕቃውን ያሳያል፤ ያንኑ ዕቃ ሲያሳይ ምን ያህሉን ለጥላ እንደ ተወም ያሳውቃል።

፬. ጥላ የሌለው ሥዕል፣ ጥላ ያለው ቃል

ቨርሜር የተወለደው በ1632 ነው። በዚያው ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ ጥቂት ቆይተውም ጎንደርን ቆረቆሩ። ዴልፍትና ጎንደር በአንድ ዘመን ሥዕል ሲሣልባቸው የነበሩ ከተሞች ናቸው ማለት ነው። የእኛ ሠዓሊዎች ግን ከመስኮት የሚገባ ብርሃን አልሣሉም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ዓመፀኞች ግን በአንድ ዐይን በጎን ይታያሉ፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም። ብርሃኑ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን የቅዱሱ የራሱ ነው፤ ለራሱ ብርሃን የሆነ ደግሞ ጥላ አይጥልም። በ18ኛው ምእተ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ እንደ ናርጋ ሥላሴ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ፊቶች በቀለም መደረብ እየለሰለሱና እየሞሉ መጡ፤ ቢሆንም ይህ የገላን ሙላት ለማሳየት እንጂ ሰዓትን ለማሳየት አልነበረም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በተርታ የሚያሳዩትን ሥዕሎች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ንግሥቲቱ ውኃ ልትጠጣ የተነሣችበት ያ ወሳኝ ሌሊት እንኳ እንደ ቀን የበራ ነው። ሌሊት መሆኑን የሚነግረን ታሪኩ ነው።

ሙዚቃም በሥዕላችን ውስጥ ስፍራ አለው፤ ነገር ግን የዳዊት በገና ነው። የጸሎት ዜማ ይሣላል፤ የፍቅር ዜማ ሲሣል እምብዛም አላየንም። ይህ ማለት ታዲያ ባህላችን የዜማ ፍቅር አልነበረውም ማለት ነውን? ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ እንዳልሆነ ያውቃል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይዞራል። አንዱ ታዳሚ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል። ግጥሙ ማዶ ለተቀመጠችው ሴት መሆኑን ሁሉ ይገምታል፤ ማንም ግን በማስረጃ ሊከስስ አይችልም፤ ግጥሙ ስለ ዝናብ ወይም ስለ በቅሎ ነዋ! ሴቲቱም ብትሥቅ ስለ በቅሎው፣ ብትኮራም ስለ በቅሎው ነው።

የሆንትሆርስት ወንድ ከሻማው ፊት ተቀምጦ ፊቱን በጥላ ሰወረ። የጠጅ ቤቱ ወንድ ፊቱ እየታየ ድምፁን ከአዝማሪው ድምፅ ኋላ ሰወረ። ጥላችን በሸራ ላይ ሳይሆን በአፍ ላይ ነበር። እንግዲህ «የኢትዮጵያ ሥዕል ብርሃንና ጥላን አላወቀም» የሚለው፣ በውጭ አገር ሰዎች ተደጋግሞ የተጻፈውና በእኛም አንዳንድ ጸሐፊዎች የተደገመው ፍርድ፣ ጥያቄውን በተሳሳተ ቤት የጠየቀ ፍርድ ነው። ጉድለቱ ያለው በሠዓሊው እጅ ላይ ሳይሆን በተመራማሪው ላይ ነው፤ ሥዕልን ከዜማ፣ ዜማን ከግጥም ለይቶ በየክፍሉ ስላጠና አንዱ ጥበብ ለሌላው የተወለትን ሥራ ሊያይ አልቻለም።

፭. ከክፈፉ ውጭ የቀረው ጥላ

እስካሁን የተነጋገርነው በክፍሉ ውስጥ ስላለው ጥላ ነው። ከጆሐንስበርግ ሆኖ ለሚያይ ግን ሌላም አለ። ቨርሜር የ20 ዓመት ወጣት በነበረበት በ1652 ያን ፋን ሪቤክ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦችን ይዞ የጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር ላይ ወረደ። በ1658 ብዙ ባሮች በመርከብ ተጭነው ወደዚያው ደረሱ። ዴልፍት ከኩባንያው ስድስት ቅርንጫፎች የአንዱ መቀመጫ ነበረች። በጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው የምሥራቅ ምንጣፍና የቻይናው ሸክላ በዚያ ክፍል ውስጥ ሊበሩ የቻሉት የዓለም ንግድ ወደ ሆላንድ ወደቦች ስላመጣቸው ነው። የዚያን ንግድ ዋጋ የከፈሉት ግን በየትኛውም መስተዋት ውስጥ አይታዩም።

እነዚህ ሥዕሎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመጡም ያለ ዓላማ አልመጡም። ሰር ማክስ ሚኬሊስ ከሂዩ ሌን ገዝተው በ1914 ለአገሪቱ ያበረከቱት፣ በ1917 በኬፕታውን የተከፈተው የሆላንድ ሥዕሎች ስብስብ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝኛና አፍሪካንስ ተናጋሪ ነጮችን በጋራ ቅርስ ለማስታረቅ የታሰበ ነበር። በዚያ እርቅ ውስጥ አብዛኛው የአገሩ ሕዝብ አልተጠራም።

በ1940 የጆሐንስበርጉ ሙዚየም የጄራርድ ሴኮቶን «ቢጫ ቤቶች» ገዛ። ጥቁር ሠዓሊ የሣለው ሥራ በአገሪቱ ሙዚየም ሲገዛ የመጀመሪያው ነበር። ሴኮቶ የራሱን ሥዕል ተሰቅሎ ለማየት እንደ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ መግባት ነበረበት ተብሎ ይተረካል። ሥዕሉ የሶፊያታውንን ጎዳና ያሳያል፤ ቢጫው ግድግዳ በጠራራ ፀሐይ ይነድዳል። በ1943 ደግሞ በሻማ ብርሃን ያለ አንድ ልጅ ሣለ። እዚህ ላይ ቆመን ከሆንትሆርስት ጋር እናስተያየው። በሆንትሆርስት ክፍል ሻማው ለጨዋታ ነው፤ መብራቱ ቢያንስ ደስታው ይጨምራል። የሴኮቶ ሻማ ግን ኤሌክትሪክ ያልገባለት ቤት ሻማ ነው። ብርሃኑ ያው ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሐያሲ ሁለቱን በአንድ የስልት ስም ጠርቶ ያልፋል።

ሴኮቶ በ1947 ወደ ፓሪስ ተሰደደ። እዚያም በምሽት ቤቶች ፒያኖ እየመታ እንጀራውን ፈለገ፤ በ1993 አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ሞተ። ሶፊያታውን ከ1955 ጀምሮ በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰች፤ ስሟም ተለወጠ። ዛሬ ያ ቢጫ ግድግዳ ከሸራው በቀር ሌላ የቆመበት ስፍራ የለውም።

፮. ስደተኛው ያየው

ቨርሜር በ1675 በዕዳ ተጨንቆ ከሞተ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ስሙ ደበዘዘ። «የሙዚቃ ትምህርት» በ1762 በንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሲገዛ የፋን ሚሪስ ሥራ ተብሎ ነበር። ቨርሜርን ወደ ብርሃን ያወጣው ቴዎፊል ቶሬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ቶሬ የሪፐብሊክ ደጋፊ፣ ከ1849ኙ ዐመፅ በኋላ በሌለበት የተፈረደበት ስደተኛ ነበር። በስዊስ፣ በእንግሊዝ፣ በቤልጅግና በሆላንድ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲንከራተት የየአገሩን ሙዚየሞች እየዞረ መረመረ፤ የሚጽፈውም «ቡርገር»፣ ማለትም «ዜጋ»፣ በሚል የብዕር ስም ነበር። አገሩ ዜግነቱን ስትነፍገው ዜጋ ብሎ ራሱን ጠራ። በ1866 ስለ ቨርሜር ያሳተመው ጥናት የዘመናዊው ምርምር መሠረት ነው። ከላይ ያነሣናቸው ሁለቱ የለንደን ሥዕሎች፣ ደግሞም «ኮንሰርት» የሚባለው ሦስተኛው የሙዚቃ ሥዕል፣ የእርሱ ንብረት የነበሩ ናቸው።

«ኮንሰርት» ከቶሬ ሞት በኋላ በ1892 ለኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ተሸጠ፤ መጋቢት 18 ቀን 1990 ደግሞ ፖሊስ መስለው በገቡ ሌቦች ከቦስተኑ ሙዚየም ተሰረቀ። እስካሁን አልተገኘም። ባዶ ክፈፎቹ ግን በየነበሩበት ተሰቅለው ይታያሉ።

ቶሬ በፖለቲካው የተሸነፈ ሰው ነበር። ስደቱ ግን ለሁለት ነገር አልዳረገውም፤ አገሩን ብቻ እየናፈቀ ሌላውን ከማየት አልታወረም፤ የሚያየውንም ሁሉ የራሱ ቁስል ምሳሌ አላደረገውም። እርግጥ ነው፣ የሆላንድን ሥዕል የወደደው ከነገሥታትና ከካህናት ይልቅ ተራውን ሰው ስላየበት ነው፤ ይህ የፖለቲካው ዐይን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንዱን እጅ ከሌላው እጅ፣ አንዱን ብርሃን ከሌላው ብርሃን ለመለየት ዓመታት ፈጀበት።

ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። የእኛ ትውልድ ሆንትሆርስታዊ ትውልድ ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ሕዝብና ጠላት፣ ተራማጅና አድኃሪ፣ በአንድ ሻማ ፊት ለፊት የቆሙ ብርሃንና ጨለማ ነበሩ። ከተሰደድንም በኋላ ሻማውን ይዘነው ወጣን። ስለ አገራችን የምንጽፈው ሁሉ ወይ ጥላ የሌለበት የናፍቆት ጓዳ፣ ወይ ብርሃን የሌለበት የክስ መዝገብ ሆነ። የተቀናቃኞቻችንን ጽሑፍ ስናነብም ወርቁን ለመያዝ ስንጣደፍ ሰሙን አናይም፤ «ምን ለማለት ነው?» እንላለን እንጂ «ምን አለ?» አንልም። በዚህ ልማድ ምክንያት ስንት ወዳጅነት እንደ ፈረሰ፣ ስንት ማኅበር እንደ ተከፈለ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ክርክር ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ በሆላንድ የፍቅርና የሙዚቃ ሥዕሎች ጥላ የሚታወቀው ግን የማይነገረው ነገር ማኖሪያ ነው፤ ከሻማ ወደ መስኮት የተደረገው ሽግግርም ከፍርድ ወደ ማስተዋል የተደረገ ሽግግር ነው። ሁለተኛ፣ በእኛ ባህል ይህን ሥራ የሚሠራው አዝማሪውና ግጥሙ ስለ ሆነ፣ የሥዕላችንን ታሪክ ከዜማችን ታሪክ ነጥሎ ማጥናት ወደ ተሳሳተ ፍርድ ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ክፈፍ ሁሉ ከውጭ የሚተወው ጥላ አለው፤ ሐያሲ ውስጡን ካደነቀ በኋላ ውጩንም የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

በ1652፣ ፋን ሪቤክ ኬፕ በደረሰበት በዚያው ዓመት፣ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ ሊቅ ከሮማ ተነሥተው ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ ያስተምሩ ነበር። እኒህ ስደተኛ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሰጠሙ። የሉዶልፍ መጻሕፍት ቀሩ። አባ ጎርጎርዮስ በየደረሱበት ያዩትን ሥዕልና የሰሙትን ዜማ እንዴት እንዳዩትና እንደ ሰሙት በራሳቸው እጅ የጻፉት ቢኖረን ኖሮ፣ ይህ ጽሑፍ ከእርሳቸው በተነሣ ነበር።

ስለዚህ ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በጄፒ ፎቆች ውስጥ ማታ ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ወጣቶቻችን የሚቀባበሉት ግጥም ገና አልተሰበሰበም። ባሕርና በረሃ አቋርጠው የመጡ ልጆች ስለ ፍቅር ሲገጥሙ ምኑን በብርሃን፣ ምኑን በጥላ እንዳስቀመጡት የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። በዚህች ከተማ ያሉ ባልደረቦቻችን ይህን ሥራ ቢጀምሩት፣ መጽሔታችንም ገጾቹን ቢከፍትላቸው፣ ከሐዲዱ ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለቱ አዳራሾች የሚገናኙበት አንድ በር ይኖራል ብለን እናምናለን።